ሳኪቺ ቶዮዳ፦ የውጭ ውድድርን ትምህርት ቤት ያደረጉት የአናጢ ልጅ

ቶዮታ የሚለውን ስም ያልሰማ የገጠርም ሆነ የከተማ ነዋሪ ማግኘት አዳጋች ነው። ምርት ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው፣ ሕሙም ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚገሰግሰው፣ ኮረኮንቹን የለመደው ተሽከርካሪ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ስም ይዟል። የስሙ መነሻ የሆኑት ሰው ግን በሕይወት ዘመናቸው አንድም ተሽከርካሪ አልሠሩም። ሳኪቺ ቶዮዳ ከእርሻው ጎን አናጢነት ይሠራ የነበረ የገበሬ ልጅ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የደከሙትም ለሽመና መሣሪያ ነው።

ታሪካቸው ዛሬም በብዙ አገሮች የሚነሣ አንድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። በር ለውጭ ሸቀጥ ሲከፈት የአገር ውስጥ አምራች ይጠፋል ወይስ ይጠነክራል? የሳኪቺ ሕይወት ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም፤ የተጎዱም የተጠቀሙም ነበሩና። ሆኖም አንድ የመንደር ባለሙያ ከእርሱ እጅግ ከሚበልጥ የባሕር ማዶ ተወዳዳሪ ጋር ሲገጥም ምን ሊማር፣ እስከየትስ ሊደርስ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳኪቺ የተወለዱት በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1867 ያማጉቺ በምትባል የጃፓን የገጠር መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ በሺዙኦካ ግዛት በምትገኘው በኮሳይ ከተማ ውስጥ ትጠቃለላለች። አባታቸው ኢኪቺ መሬት ያርሳሉ፤ ከእርሻው ጎን ለጎንም በአናጢነት ይሠራሉ። እናታቸው ደግሞ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ቤት ውስጥ ይሸምናሉ። አካባቢው ጥጥ የሚለማበት፣ በየቤቱ የሚፈተልበትና የሚሸመንበት ነበር። ሕፃኑ ያደገው የእንጨት መላጊያና የመወርወሪያ ድምፅ እየሰማ ነው።

ያ ዘመን ጃፓን ለረጅም ጊዜ ዘግታው የቆየችውን በር ለውጭ ንግድ የከፈተችበት ነው። የዮኮሃማ ወደብ በ1859 ለውጭ ነጋዴዎች ተከፈተ። አገሪቱ ከምዕራባውያን ኃያላን ጋር የገባቻቸው ውሎች በእኩልነት ላይ የተመሠረቱ አልነበሩም። ሳኪቺ ከመወለዳቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1866 የተፈረመው ስምምነት ጃፓን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ወደ 5 በመቶ ገደማ ዝቅ አደረገው። መንግሥት ቀረጥ ከፍ አድርጎ የአገሩን አምራች እንዳይከላከል እጁ ታሰረ። የቀረጥ መጠኗን በራሷ የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ለጃፓን የተመለሰላት በ1911 ነው።

በዚህ ክፍት በር የእንግሊዝ የጥጥ ክርና ጨርቅ እንደ ጎርፍ ገባ። በእንፋሎት ኃይል የተፈተለው ክር ወጥ፣ ጠንካራና ርካሽ ስለነበር በእጅ የሚፈትሉት የገጠር ሴቶች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ሸማኔው ግን ሌላ መንገድ አገኘ። የባሕር ማዶውን ክር ገዝቶ በራሱ ዕቃ መሸመን ጀመረ። በኢትዮጵያም ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል የሚያደርግ ሸማኔ ይህን መላ በሚገባ ያውቀዋል። እንዲህ እያለ ፈትሉ በውድድሩ ሲሸነፍ ሽመናው ተረፈ፤ እንዲያውም ተስፋፋ።

ሳኪቺ ትምህርታቸው ከመንደር ትምህርት ቤት አላለፈም። ከዚያም የአባታቸውን የአናጢነት ሙያ ተማሩ። በ1885 የጃፓን መንግሥት ለአዳዲስ ፈጠራዎች የባለቤትነት መብት የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ የ18 ዓመት ወጣት ነበሩ። አንድ ሰው በአእምሮው ያፈለቀው ነገር እንደ መሬትና እንደ ቤት በሕግ ሊጠበቅለት መቻሉ ልባቸውን ማረከው። ዓይናቸውን የጣሉት በጣም በሚያውቁት ዕቃ ላይ ነበር፤ እናታቸው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው በሚደክሙበት የሽመና ዕቃ ላይ።

እንጨት እየጠረቡ መሥራት፣ ማፍረስ፣ እንደገና መሥራት ሥራቸው ሆነ። አባታቸው ልጃቸው ደህና አናጢ ሆኖ እንጀራውን እንዲያበስል ይመኙ ስለነበር በነገሩ አልተደሰቱም። የመንደሩ ሰውም ሥራ ፈት አድርጎ ይመለከታቸው እንደነበር ይነገራል። በ1890 በቶኪዮ ትልቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ወጣቱ አናጢ ወደዚያ ሄደው፣ ከባሕር ማዶ የመጡትን ጭምር፣ የተደረደሩትን ማሽኖች ዕለት ዕለት እየተመላለሱ አጠኑ። የእያንዳንዱን ብልት እንቅስቃሴ እያዩ ለምን እንዲህ ተሠራ ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር። የውጭው ዕቃ ከጃፓን ምን ያህል እንደሚበልጥ ያዩትም በዚያ ነው።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የተሻሻለ የእጅ ሽመና ዕቃ ሠሩ፤ በ1891 በ24 ዓመታቸው የባለቤትነት መብት አገኙበት። ቀድሞ ሸማኔው መወርወሪያውን ለመላክ ሁለቱንም እጁን ያንቀሳቅስ ነበር። በሳኪቺ ዕቃ ግን በአንድ እጅ ብቻ ማጉን መወርወርም መጠቅጠቅም ተቻለ። ምርቱም ከ40 እስከ 50 በመቶ ጨመረ። ይሁን እንጂ በዕቃው ቶኪዮ ላይ የከፈቱት ትንሽ የሽመና ቤት ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ጥሩ መሣሪያ መሥራትና ትርፋማ ሥራ መምራት የተለያዩ መሆናቸውን በኪሳራ ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1894 ክር የሚያጠነጥን መሣሪያ ሠሩ። ይህ ዕቃ በደንብ ተሸጠና ለቀጣዩ ምርምር ገንዘብ አስገኘላቸው። ዋናው ምኞታቸው ግን በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ የሽመና ማሽን ነበር። በዚያን ጊዜ ኃይል የሚጠቀሙት ማሽኖች ከእንግሊዝ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ የሚመጡ ናቸው። ሁለመናቸው ብረት፣ ዋጋቸውም እጅግ ውድ ነበር። የገጠር ሸማኔ ሊገዛቸው ቀርቶ በቅርብ ሊያያቸው አይችልም። ለጃፓን ልብስ የሚያስፈልገውን ጠባብ ጨርቅ ለመሸመንም በልኩ የተሠሩ አልነበሩም።

ሳኪቺ ክፍተቱን ያዩት እዚህ ላይ ነው። በ1896 አካባቢ ያጠናቀቁት ማሽን አካሉ በአብዛኛው እንጨት፣ ጫና የሚበዛበት ክፍሉ ብቻ ብረት ነበር። ዋጋው ከባሕር ማዶው ብዙ እጥፍ የረከሰ፣ ስፋቱ ለአገሩ ጨርቅ የተመጠነ፣ በአነስተኛ ሞተር የሚዞር፣ ሲበላሽም የመንደር አናጢ ሊጠግነው የሚችል ነው። ማግ ሲበጠስም በራሱ ይቆማል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ቀላል ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። ስሕተት ሲፈጠር የሚቆም ማሽን የተበላሸ ጨርቅ አያመርትም። ሠራተኛውም አንዱን ማሽን ብቻ ሲጠብቅ አይውልም። ይህ አሳብ ከብዙ ዘመን በኋላ በቶዮታ የተሽከርካሪ ፋብሪካዎች ውስጥ የሥራ መርሕ ሆኗል።

ማሽኑ የሸመነው ጨርቅ ወጥነት የታላቁን የንግድ ቤት የሚትሱይን ትኩረት ሳበ። በ1899 በሚትሱይ ገንዘብ የሽመና ማሽን የሚያመርት ድርጅት ተቋቋመ። ጨርቁ በውጭ ገበያ ከእንግሊዝ ጨርቅ ጋር ስለሚወዳደር ነጋዴዎቹ በርካሽ የሚያመርት መሣሪያ ይሹ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በሌላ በኩል የከፋቸው ነበሩ። የጃፓን የክር ፋብሪካዎች ከውጭው ጋር ለመወዳደር ርካሽ ጥሬ ጥጥ ስለፈለጉ መንግሥት በ1896 ከውጭ በሚገባ ጥጥ ላይ ይጣል የነበረውን ቀረጥ አነሣ። ከሕንድ፣ ከቻይናና ከአሜሪካ የሚመጣው ጥጥ ገበያውን ሞላው። በሳኪቺ የትውልድ አካባቢ ጭምር ጥጥ ሲያለማ የኖረው ገበሬ ማሳውን ወደ ሌላ ሰብል ለማዞር ተገደደ፤ የአገሪቱ የጥጥ እርሻም ከጊዜ በኋላ ጠፋ ሊባል ደረሰ። የሸማኔውንና የፋብሪካውን ዕድገት የሚያነሣ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንሣት ይገባዋል። ክፍት ገበያ ለአንዱ መሰላል ሲሆን ለሌላው ገደል ሊሆን ይችላል።

የሳኪቺም መንገድ ቀና አልነበረም። በ1907 በናጎያ ከተማ በባለሀብቶች ገንዘብ በስማቸው ትልቅ የሽመና ማሽን ኩባንያ ተመሠረተ፤ እርሳቸውም ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ። ባለአክሲዮኖቹ ፈጣን ትርፍ ይሹ ነበር። ሳኪቺ ግን አንድ ማሽን በእውነተኛ ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቶ ሳይፈተን ለገበያ እንዲወጣ አይፈልጉም ነበር። በ1910 ገበያው ሲቀዘቅዝ ለኪሳራው ተጠያቂ ተደርገው ከሥራቸው እንዲለቁ ሆነ። በስማቸው ከሚጠራው ድርጅት በ43 ዓመታቸው ባዶ እጃቸውን ወጡ።

በዚያው ዓመት መርከብ ተሳፍረው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ አመሩ። በአሜሪካ እጅግ የላቁ የሚባሉትን አውቶማቲክ የሽመና ማሽኖች በየፋብሪካው እየዞሩ ተመለከቱ። ያዩት ነገር ሁለት ስሜት አሳደረባቸው። በአንድ በኩል የአገሪቱ ኢንዱስትሪ ስፋት አስደነቃቸው፤ መንገዱን የሞላው አውቶሞቢልም ከአሳባቸው አልወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ በሩቅ ሲፈሯቸው የኖሩት ማሽኖች እንከን እንዳላቸው፣ የራሳቸው አሳብም በአንዳንድ ነገር ከእነርሱ እንደሚሻል በዓይናቸው አረጋገጡ። ተስፋ ቆርጠው የሄዱት ሰው በ1911 መጀመሪያ በአዲስ መንፈስ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የያዙት ስልት ሌላ ነው። በናጎያ የራሳቸውን የሽመና ፋብሪካ ከፈቱ። ፋብሪካው ጨርቅ እየሸጠ ለምርምሩ ገንዘብ ያመጣል፤ ማሽኖቹም እዚያው ይፈተናሉ። ጥራት ያለው ክር ስላጡ በ1914 የራሳቸውን መፍተያ ጨመሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአውሮፓ ዕቃ ወደ እስያ መምጣቱ ሲቋረጥ የጃፓን ጨርቅ ፈላጊው በዛ፤ ፋብሪካውም አደገ። በ1918 ድርጅቱ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተለወጠ። ሳኪቺ ግን የጦርነቱ ትርፍ አላዘናጋቸውም፤ ሰላም ሲመጣ ተወዳዳሪው እንደሚመለስ ያውቁ ነበር። ወደ ሻንግሃይ ተሻግረውም በ1921 በቻይና ምድር የመፍተያና የሽመና ድርጅት አቋቋሙ።

በዚህ ጊዜ ልጃቸው ኪይቺሮ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርቱን አጠናቆ ነበር። አባት በልምድና በጥረት የደረሰበትን ልጅ በሳይንስ ሊያግዝ ተነሣ። ወጣቱ መሐንዲስ ወደ ውጭ ተጉዞ በእንግሊዟ የኦልድሃም ከተማ በሚገኘው በፕላት ብራዘርስ ፋብሪካ አሠራሩን አጠና። ፕላት ብራዘርስ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የመፍተያና የሽመና ማሽን አምራቾች አንዱ ነበር፤ የጃፓን ፋብሪካዎችም ለብዙ ዓመታት ማሽን የገዙት ከእርሱ ነው። ኪይቺሮ ወደዚያ የሄደው እንደ ተማሪ ነበር።

አባትና ልጅ ከሌሎች መሐንዲሶች ጋር ሆነው በ1924 ዓይነት ጂ የሚባለውን አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ለፍጻሜ አበቁ። በመወርወሪያው ውስጥ ያለው ማግ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሌላ መወርወሪያ በራሱ ይተካል። ድርም ሆነ ማግ ሲበጠስ ይቆማል። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ ጥቂት ማሽኖችን ብቻ ይቆጣጠር ነበር፤ አሁን ከ30 በላይ መቆጣጠር ቻለ። ሳኪቺ በቆየው መርሐቸው መሠረት በካሪያ በተሠራ የሙከራ ፋብሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሥራ ላይ አውለው ፈተኑ። ማሽኖቹን ለገበያ የሚያመርተው ኩባንያ በዚያው በካሪያ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1926 ነው።

የማሽኑ ዝና ባሕር ተሻገረ። በዲሴምበር 1929 ፕላት ብራዘርስ ከቶዮዳ ጋር ውል ፈረመ። በውሉ መሠረት የእንግሊዙ ድርጅት ከጃፓን፣ ከቻይናና ከአሜሪካ በስተቀር በሌሎች አገሮች ይህን ማሽን የመሥራትና የመሸጥ መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ገዛ። በአባቱ ስም ውሉን የተፈራረመው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ፋብሪካ የተማረው ኪይቺሮ ነበር። ተማሪው ለመምህሩ ዕውቀት ሸጠ። ሳኪቺ በተወለዱበት ዘመን የእንግሊዝ ክር የጃፓንን እንዝርት ሥራ አስፈትቶ ነበር፤ በሕይወታቸው ማብቂያ ላይ እንግሊዞች የእርሳቸውን ፈጠራ ፈልገው መጡ።

ሳኪቺ ቶዮዳ በኦክቶበር 30 ቀን 1930 በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ ጃፓን የጥጥ ጨርቅ ወደ ውጭ በመላክ እንግሊዝን በልጣ በዓለም ቀዳሚ ሆነች። ይህም ድል ያለ መዘዝ አልቀረም። የጃፓን ጨርቅ ገበያቸውን ያጥለቀለቀው አገሮች በቀረጥና በኮታ በራቸውን ማጥበብ ጀመሩ። በሌላው ክፍት በር ያደገ ሁሉ በሩ ሲዘጋ እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ታየ።

የጃፓን ጨርቅ ከደረሰባቸው ሩቅ ገበያዎች አንዱ ኢትዮጵያ ነበረች። ቀድሞ በአሜሪካ አቡጀዲ የተያዘው ገበያ በዚያ ዘመን በአመዛኙ ወደ ጃፓን ጨርቅ ዞረ። በ1931 የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው፣ ያዩትንም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አቅርበዋል። በእስያ ዳር ያለች አገር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንዴት ከምዕራባውያን ጋር ተካከለች የሚለው ጥያቄ በዘመኑ የነበሩ የኢትዮጵያ ምሁራን አጥብቀው የሚጠይቁት ነበር።

ኪይቺሮ የአባቱን ፈለግ በሌላ መስክ ቀጠለ። በ1933 በሽመና ማሽን ኩባንያው ውስጥ የተሽከርካሪ ክፍል ከፈተ፤ የአሜሪካን አውቶሞቢል ገዝቶ ብልት በብልት እየፈታ አጠና። በ1937 የቶዮታ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ። ቶዮዳ የሚለው የቤተሰብ ስም ለተሽከርካሪው ቶዮታ ተብሎ የተለወጠው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

እዚህ ላይም ታሪኩን አንድ ወገን ብቻ አድርጎ መንገር አይቻልም። በ1936 የጃፓን መንግሥት ያወጣው ሕግ በአገሪቱ ተሽከርካሪ ይገጣጥሙ የነበሩትን ፎርድንና ጄኔራል ሞተርስን ገድቦ ለአገር ውስጥ አምራቾች ከለላ ሰጥቷል። ቶዮታም ከጥላው ተጠቅሟል። ዓለም አቀፍ ኩባንያ ያደረገው ግን ከጥላው መውጣቱ ነው። በ1957 ወደ አሜሪካ መላክ የጀመረው ክራውን የተባለ ተሽከርካሪ በዚያ አገር ረጅምና ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት አጠረው፤ ኩባንያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤት መኪና መላኩን ለማቆም ተገደደ። በአገሩ ገበያ ሊታይ ያልቻለው ድክመት በባዕድ ገበያ ተገለጠ። መሐንዲሶቹ ጉድለቱን አርመው በ1965 ኮሮና በተባለ ሌላ ተሽከርካሪ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነው በየአገሩ መንገድ ላይ ይታያል።

የሳኪቺ ቶዮዳ ሕይወት በር መከፈቱ ብቻውን ሰውን እንደማያሳድግ ይመሰክራል። ተመሳሳይ ጎርፍ የመጣባቸው ብዙ ፈታዮችና ጥጥ አልሚዎች መተዳደሪያቸውን አጥተዋል። ሳኪቺን የረዳቸው ከውድድሩ ጋር አብረው የመጡ ነገሮች ነበሩ። ፈጠራን የሚጠብቅ ሕግ ነበረ፤ የዓለምን ዕቃ በቅርብ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ነበረ፤ ገንዘብ የሚያበድር ነጋዴ ነበረ፤ ልጅን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚበልጣቸውን ተወዳዳሪ ሳያማርሩ የሚያጠኑበት፣ የራሳቸውንም ሥራ ያለ ርኅራኄ የሚፈትኑበት ጠባይ ነበራቸው። ያ ተወዳዳሪ ባይመጣባቸው ኖሮ ግን የእናታቸውን የሽመና ዕቃ ትንሽ አሻሽለው በመንደራቸው ይቀሩ ይሆናል።

በ1911 በናጎያ የከፈቱት ፋብሪካ ቀይ የጡብ ግድግዳ ዛሬም አለ። ቦታው ከ1994 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው። በውስጡ የሽመና ማሽኖቹና ተሽከርካሪዎቹ ለእይታ ቀርበዋል፤ የሽመና ማሽኖቹም ለጎብኚ እየተንቀሳቀሱ ይታያሉ።